በዐረቦቹ መሃል ያስቀመጥኳት ሳንቲም

በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ እኔ ገዳሪፍ ውስጥ የፈረንጅ ልብስ አጣቢ ነበርኩ። የሻረግ እባላለሁ። ከጎንደር ወጥቼ በመተማ በኩል ሱዳን ከገባሁ አራተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። ባሌ ሞቷል፤ ልጅ አልወለድኩም። ለስደተኛው እርዳታ የመጡ ሐኪሞችና ነርሶች በሚያርፉበት ግቢ ከጧት እስከ ዘጠኝ ሰዓት አጥባለሁ፣ እተኩሳለሁ፣ ከዚያ ሰፈሬ እገባለሁ። ወረቀቴ የግቢው ኃላፊ በየጊዜው የሚያሳድስልኝ አንድ ተስሪህ ብቻ ነበር። ያ የፈቃድ ወረቀት የሌለው ሰው ከሻ ሲመጣ፣ ማለት ፖሊስ ሰፈሩን ከቦ ሐበሻውን ሲያፍስ፣ በጭነት መኪና ተጭኖ ካምፕ ይወርዳል። ክፉ የተወራበት ደግሞ ድንበሩን አሻግረው ይሰጡታል ይባል ነበር።

ሳንቲም መሰብሰብ የጀመርኩት በኪስ ነው። ልብስ ውሃ ውስጥ ከመንከሬ በፊት ኪሱን ሁሉ እፈትሻለሁ። መጀመሪያ ያገኘኋት ዓሣ የተሳለባት ትንሽ ሳንቲም ነበረች። ለባለቤቱ ለሐኪሙ ስሰጠው ሳቀና፣ «ያዢው፤ እዚህ ምን ይገዛልኛል?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ የሁሉም መልስ ያው ሆነ። ሳንቲሞቹን በብስኩት ቆርቆሮ ማጠራቀም ጀመርኩ። አንዱ ላይ ወፍ፣ አንዱ ላይ መርከብ፣ አንዱ ላይ የማላውቀው ዛፍ አለ። ያን ጊዜ በየቀኑ ከካምፕ የሚመጣው ወሬ የሞት ወሬ ነበር፤ ማታ ቆርቆሮዬን ከፍቼ ወፏንና መርከቡን ሳይ ትንሽ እተነፍስ ነበር።

ስድስተኛ ክፍል ድረስ ተምሬያለሁ። የተማርኩት እንዳይጠፋብኝ ደብተር ገዛሁና ለእያንዳንዱ ሳንቲም አንድ መስመር ጻፍኩለት፤ ከማን ኪስ እንደወጣ፣ ከምን ልብስ፣ በምን ቀን። የአርባ ምናምን አገር ሳንቲም ሲኖረኝ እንግዶቹ ለፈረንጅ ወዳጆቻቸው ያወሩልኝ ጀመር።

ወሬው ኸዋጃ ያኒ ዘንድ ደረሰ፤ ኸዋጃ ሱዳኖች ፈረንጅን የሚጠሩበት ነው። ኸዋጃ ያኒ ገዳሪፍ ውስጥ ያረጀ የመለዋወጫ ዕቃ ነጋዴ ግሪክ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ሳንቲም ሰብሳቢ። ከከሰላም፣ ከካርቱምም፣ ከፖርት ሱዳንም ሰብሳቢዎችን ጠርቶ በከተማው ክለብ አዳራሽ አንድ ዐርብ የሳንቲም ትርኢት ሊያደርግ አስቧል። የመግቢያው ገንዘብ ለካምፕ ሕፃናት ወተት ይገዛበታል። ግቢያችን ድረስ መጥቶ፣ «አንቺም ጠረጴዛ ይኖርሻል» ሲለኝ የቀለደብኝ መስሎኝ ነበር።

ጠረጴዛዬ ከበሩ አጠገብ የመጨረሻው ነበር። ጎረቤቴ ሐጅ ኢድሪስ ሆኑ። ሐጅ ኢድሪስ የጎንደር ሰው ናቸው፤ ገበያው ውስጥ የጨርቅና የስኳር ሱቅ አላቸው። ጠረጴዛቸው ላይ የደረደሩት ማርትሬዛ ብር ብቻ ነው፤ አንዳንዱ ከአንገት ጌጥ ላይ ስለወጣ ቀዳዳ አለው። የእኛ ሰፈር ሰዎች ሐጅን ብዙም አይወዷቸውም ነበር። «የመንግሥት ሰው ሲያዩ የሚሰግዱ» ይሏቸዋል። እኔም እንደዚያው አስብ ነበር፤ አክብሬ ሰላም ብያቸው ሥራዬን ቀጠልኩ።

ነጭ አንሶላ አንጥፌ ሳንቲሞቼን በየአካባቢያቸው ደረደርኩ። የአውሮጳ አንድ ረድፍ፣ የአፍሪካ አንድ ረድፍ፣ ዐረብኛ ፊደል ያለባቸው አንድ ረድፍ። ዐረብኛ እንደነገሩ እናገራለሁ እንጂ ማንበብ አልችልም። ከሁሉም የምወዳትን ሳንቲም ከግብፅና ከሊባኖስ መሃል አስቀመጥኳት። ነጭ ናት፣ እንደ ላባ የቀለለች፣ ጠርዟ እንደ አበባ ቅጠል ወጣ ገባ ያለ፣ መሃሏ ላይ ሦስት የገብስ ዛላ። ገብስ በሌለበት ዘመን! አንድ በኩል የማላውቀው ማዕዘን ማዕዘን ያለው ጽሕፈት አለባት፤ ሌላ በኩል ዐረብኛ። ያገኘኋት ከነርሷ ከሲስተር ክላራ ሰማያዊ ሸሚዝ ኪስ ነው። ሲስተር ክላራ በዚያ ሳምንት ካምፕ ስለነበረች አልጠየቅኳትም። ሁልጊዜ «ውሰጂው» ስለምትለኝ መጠየቁንም ረሳሁት።

ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ አዳራሹ በሰው ሞላ። አንድ ነጭ ጀለቢያ የለበሰ፣ ፊቱ ለስላሳ፣ አርባ ዓመት የሚሆነው ሰው በየጠረጴዛው እየቆመ በማጉያ መነጽር ያያል። አዋቂ መሆኑ ያስታውቃል። የሐጅን ማርትሬዛ ገልብጦ የትኛው የቆየ፣ የትኛው የቅርብ እንደሆነ ነገራቸው። ሐጅም ጎንበስ ብለው፣ «ጀናብዎ እውነት ብለዋል» አሉት፤ ክቡርነትዎ እንደማለት ነው። ሰፈሬ እንደሚለው ሰገዱለት፤ በልቤ ሳቅሁባቸው።

ከዚያ ወደ እኔ መጣ። የአውሮጳውን ረድፍ አየ። ጥሩ ነው አለ። የአፍሪካውን አየ። ከዚያ የዐረቦቹ ረድፍ ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። ያቺን ነጭ ሳንቲም በሁለት ጣቱ አነሳት። ማጉያውን አላስጠጋም፤ ያለማጉያም አንብቧታል።

«ይህቺን ማን እዚህ አስቀመጣት?»

«እኔ ነኝ» አልኩት እየሳቅኩ። «ቆንጆ አይደለችም?»

«የየት አገር ናት?»

«የዐረብ አገር መሰለኝ። ዐረብኛ አለባት።»

ሐጅ ኢድሪስ አንገታቸውን ዘርግተው ሳንቲሟን አዩ። ፊታቸው ላይ የነበረው ደም የት እንደገባ አላውቅም።

ሰውዬው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እመቤት፣ ይህቺ የእስራኤል ሳንቲም ናት።»

ያን ጊዜ ገዳሪፍ ውስጥ ይህ ቃል ምን ማለት እንደነበር ያልኖረበት ሰው አይገባውም። ሱዳን ከዚያ አገር ጋር ጠላት ናት። ከጎንደር የመጡ ቤተ እስራኤሎች ከካምፑ ቤተሰብ በቤተሰብ እየጠፉ ነው፤ የሆነ ሰው በስውር እየወሰዳቸው ነው ይባላል፤ የሚወስዳቸው ማን እንደሆነ ጸጥታው ሌት ተቀን ይፈልጋል። ይህንን ሁሉ በወሬ አውቃለሁ። በእኔ ጠረጴዛ ላይ ግን ምን አገናኘው?

«ከየት አገኘሻት?»

እዚህ ላይ ያደረግሁትን ሳስታውስ እስከ ዛሬ ሰውነቴ ይሸማቀቃል። ማንም አላስገደደኝም። ከዚያ ጥያቄ ቶሎ ለመውጣት ብዬ፣ «አላስታውስም፤ ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ» አልኩ። ደብተሩንም ራሴ ከቆርቆሮው ስር አውጥቼ በእጁ ሰጠሁት።

ገለጥ ገለጥ አደረገውና ዘጋው። ፊደሉ አይገባውም። ወደ ሐጅ ዞረ።

«ሐጅ፣ አንተ ሐበሽኛ ታነባለህ?»

አላነብም ቢሉ ኖሮ ያን ጊዜ ነፃ ነበሩ። እሳቸው ግን፣ «አነባለሁ፣ ጀናብዎ» አሉ።

«እንግዲያው ሁለታችሁም አብራችሁኝ ትመጣላችሁ። ቢሮዬ ሩቅ አይደለም።»

ሰውዬው የጸጥታ ሹም መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው። ኸዋጃ ያኒ ከአዳራሹ ዳር ሆኖ ሲያየን አየሁት፤ ወዲያው ወደ ሌላ ሰው ዞረ። አልፈርድበትም።

ላንድሮቨሩ ውስጥ ሹሙ መሃላችን ተቀመጠ። ደብተሬ ጭኑ ላይ ነው። በደብተሩ ውስጥ አንዱ መስመር እንዲህ ይላል፤ «የገብስ ዛላ ያለባት ነጭ፣ ከሲስተር ክላራ ሰማያዊ ሸሚዝ ኪስ፣ ሰኞ።» የራሴን የእጅ ጽሕፈት በዓይነ ኅሊናዬ አየዋለሁ። አሳምሬ ነበር የጻፍኩት።

ዐርብ ስለሆነ ቢሮው ባዶ ነው። ሠራተኛ የለም፣ ባለጉዳይ የለም፤ የሹሙ ጫማ ብቻ ኮሪደሩ ላይ ያስተጋባል። አንድ ሠላሳ ዓመት ያለፈው ረጅም ፖሊስ ተነስቶ ሰላምታ ሰጠ። ገና ከመግባታችን የስግደት ጥሪ ተሰማ። ሹሙ ደብተሩንና ሳንቲሟን ብብቱ ስር ይዞ፣ «ስግደቴን ጨርሼ እመጣለሁ፤ ጠብቃቸው» ብሎት ወጣ። ሐጅ ኮሪደሩ ላይ ጨርቅ አንጥፈው ሰገዱና ተመልሰው አግዳሚው ላይ ከእኔ ራቅ ብለው ተቀመጡ።

ፖሊሱ በሩ ላይ ቆሟል። ሱዳናዊ ነው፣ አማርኛ ምን ያውቃል ብዬ፣ ወደ ሐጅ ጠጋ አልኩ። ልለምናቸው ነው። «ሐጅ፣ በእናትዎ፣ ያችን መስመር ሲያገኙ…» ልል አፌን ስከፍት ሐጅ መዳፋቸውን ጭናቸው ላይ ደለቁ። ዝም በይ ማለታቸው ነው። ወዲያው ፖሊሱ፣ «ውሃ ትፈልጋላችሁ?» አለ። በአማርኛ!

የት እንደምገባ ጠፋኝ። «እናቴ የእናንተ አገር ሰው ናት፤ እኔ ከሰላ ነው የተወለድኩት» አለን፣ ዐረብኛ ዐረብኛ በሚል አነጋገር። ሐጅ አመስግነው ውሃውን ተቀበሉ። እኔ ጣሳውን ስቀበል ግማሹን ቀሚሴ ላይ ደፋሁት። ቀሚሴን ያረጠበው ግን ያ ውሃ ብቻ አልነበረም። ይህን ስነግራችሁ አላፍርም፤ ያን ቀን ግን ካሳለፍኩት ሁሉ ያ ውርደት የሚበልጥ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ጥበቃ ስንት ሰዓት እንደፈጀ አላውቅም። በዚያ ሁሉ ጊዜ የማስበው ስለ ሲስተር ክላራ አልነበረም። እሷ ፈረንጅ ናት፣ ኤምባሲ አላት፣ ምን ያደርጓታል? እኔን ግን ወደ ድንበር ቢጥሉኝ ጎንደር ላይ ማን ይጠብቀኛል? ደግሞስ ደብተሩ ራሱ ይናገር የለም? ሐጅ ያለውን ያነባሉ። እሳቸውም ሱቅ አላቸው፣ ፈቃድ አላቸው፣ ልጆች አሏቸው። ስለ አንዲት አጣቢ ብለው መንግሥትን አይዋሹም። እንዲህ እያልኩ ስሟን ልጠራ ራሴን አዘጋጀሁ። ከደብተሩ በኋላ ከምናገር ቀድሜ ብናገር ይሻለኛል ብዬ ወሰንኩ።

ሹሙ ተመለሰ። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ሳንቲሟን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ደብተሩን ለሐጅ ሰጠ። ፖሊሱ በሩ ላይ እንደቆመ ነው።

«ከመጀመሪያው ጀምርና መስመር በመስመር በዐረብኛ ንገረኝ።»

ሐጅ መነጽራቸውን አደረጉ። አንደኛውን መስመር ልክ እንደተጻፈው ነገሩት፤ የሐኪሙ ኪስ፣ ዓሣ ያለባት። ሁለተኛውንም። ሦስተኛውንም። የሰው ስም፣ የልብስ ቀለም፣ ቀኑ፣ አንዲት ቃል አልዘለሉም። የሲስተር ክላራም ስም በሌሎች ሳንቲሞች ላይ ሁለት ጊዜ ተጠራ፤ ሹሙ ዝም ብሎ አዳመጠ። በቃ አልኩ፣ እኚህ ሰው እንደተጻፈው ነው የሚሄዱት። ገጹ ተገለበጠ። ያቺ መስመር ከላይ ሦስተኛዋ ናት። ሁለተኛዋን ሲጨርሱ መታገሥ አቃተኝና አፌን ከፈትኩ።

«ጌታዬ፣ ሲ…»

«ሲና» አሉ ሐጅ፣ ድምፃቸውን ሳይለውጡ፣ ዓይናቸውንም ከደብተሩ ሳያነሱ። «ሲና ልትል ነው። እዚህ ተጽፏል። ‘የገብስ ዛላ ያለባት ነጭ፣ ከግብፅ የመጣ የጭነት መኪና ሹፌር የሰጠኝ፣ ሲና ውስጥ ያገኛት፣ ሰኞ’ ይላል።»

ሹሙ አየኝ። «ሲና ልትዪ ነበር?»

«አዎ» አልኩ። ሲና እስራኤል ብዙ ዓመት ይዛው የነበረ የግብፅ በረሃ መሆኑን ያወቅሁት ኋላ ነው።

«ሹፌሩ ማን ይባላል?»

«አላውቀውም። ልብስ አጥቤለት ነው።»

ሐጅ ሳይጠየቁ አራተኛውን መስመር ቀጠሉ። አምስተኛውን፣ ስድስተኛውን። ሹሙ እጁን አነሳና አስቆማቸው። «ወደ ኋላ ተመለስ። ሦስተኛውን እንደገና ንገረኝ።»

ሐጅ ጣታቸውን አድርገው ቃል በቃል ያንኑ ደገሙለት። ሹፌሩን፣ ግብፅን፣ ሲናን፣ ሰኞን። አንድ ፊደል አልሳቱም።

ሹሙ ሳንቲሟን በጣቱ ገለበጣት። ከዚያ ወደ በሩ ዞረ። «አንተ፣ እናትህ ሐበሻ አይደለችም? ስትቀጠር ማንበብና መጻፍም እችላለሁ ብለሃል። ናና ይህችን መስመር አንብብልኝ።»

አለቀ። ሐጅን አየኋቸው፤ መነጽራቸውን አውልቀው በጀለቢያቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። ፖሊሱ መጥቶ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ አለ። ሹሙ መስመሯን አሳየው። ፖሊሱ ጣቱን መስመሯ ላይ አደረገ።

ያደረገው ግን በቀኝ ጫፍ በኩል ነው። ጣቱ ከቀኝ ወደ ግራ መሄድ ጀመረ፤ ቀስ ብሎ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ ልክ ዐረብኛ እንደሚነበበው።

ሰውዬው አማርኛ ማንበብ አይችልም! የሚያውቀው የእናቱን ንግግር ብቻ ነው። ሹሙ ፊደላችንን ስለማያውቅ ይህ አልታየውም። እኔና ሐጅ ግን አየን። ፖሊሱ ቀና ሲል ግንባሩ በላብ ወርዝቷል። እሱም እንደ እኛ ፈርቷል፤ ሲቀጠር የዋሸው ውሸት እንዳይወጣበት። በሩ ላይ ቆሞ ሲሰማ ቆይቷልና፣ «አይዋ ጀናቡ፤ ሐጁ እንዳለው ነው። ሹፌር፣ ሲና፣ ሰኞ» አለ።

ሹሙ ደብተሩን ዘጋ። ሳንቲሟን አንስቶ መሳቢያው ውስጥ ከተታት። «ይህቺ ከእኔ ጋ ትቀራለች። ሌሎቹን ሰብስበሽ ቤትሽ ሂጂ።» ደብተሩን ግን ለእኔ አልሰጠም፤ ለሐጅ ዘረጋላቸው። ለረጅም ጊዜ ዓይን ዓይናቸውን እያየ፣ «ጥሩ አንባቢ ነህ፣ ሐጅ» አላቸው።

ያምናቸው አያምናቸው፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ከቢሮው ወጥተን ሁለት መንገድ አቋረጥን። አንዲት ሻይ ሻጭ ከዛፍ ሥር ተቀምጣለች። ሐጅ ሰላም ብለዋት ደብተሬን ገጽ በገጽ እየቀደዱ ከሰሉ ላይ ጨመሩት። እጃቸውን መያዝ አልደፈርኩም። ሁሉም ነድዶ ሲያልቅ እኔ ላይ ጮኹብኝ።

«ስም ትጽፊያለሽ? በዚህ ዘመን የሰው ስም ትጽፊያለሽ?»

«ሐጅ፣ ለምን አዳኑኝ?»

«አንቺን ብቻ መሰለሽ? ዛሬ ስሟን ብጠራላቸው፣ ነገ ደግሞ ማንን ጥራ ሊሉኝ ነው? አንድ ጊዜ ካነበብኩላቸው እስክሞት አንባቢያቸው ነኝ።» ከዚያ ድምፃቸው ወደቀ። «በይ አሁን ሻይ ግዢልኝ።»

በማግስቱ ሲስተር ክላራን የማጠቢያው ገንዳ ዘንድ ጠርቼ ሁሉንም ነገርኳት። ከገንዳው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች፤ ፊቷ የማጥበውን አንሶላ መሰለ። ግንባሬን ሳመችኝ። በሦስተኛው ቀን ከገዳሪፍ ሄደች፤ ዳግም አላየኋትም። ኋላ ቤተ እስራኤሎቹ መውጣታቸውን በሬዲዮ ሰማን። እሷ እጇ ይኑርበት፣ ወይስ አንዴ እዚያ አገር ለጉብኝት ሄዳ ኪሷ ውስጥ የቀረች ሳንቲም ትሁን፣ አላውቅም። ማወቅም አልፈለግሁም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ከሞት መትረፌ ነው የለወጠኝ ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። የለወጠኝ ሌላ ነገር ነው፤ እስካሁን ያልነገርኳችሁም እሱን ነው። ባሌ በሕመም አልሞተም። ጎንደር ላይ በቀይ ሽብር ጊዜ ነው የወሰዱት። ስሙን የጠራው የገዛ ሚዜው አያሌው ነበር፤ ገርፈውት ጠራው። አያሌው በኋላ ተፈትቶ እሱም ተሰደደና ወድ ኤል ሒለው ካምፕ ገባ። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ላከብኝ። «ስሙን ደጄ ላይ እንዳትጠሩ» ብዬ መለስኳቸው። ሰው እንዴት የወዳጁን ስም ይሰጣል? እኔ ብሆን እሞታለሁ እንጂ አልናገርም እል ነበር። ለሰባት ዓመት ይህን ስል ኖርኩ።

ያን ዐርብ ግን ማንም አልገረፈኝም። ውሃ ሰጥተውኛል። ወንበር ሰጥተውኛል። እኔ ግን አፌን ከፍቼ የመጀመሪያውን ፊደል ጠርቼ ነበር። የቀረውን የዋጠው የሐጅ ኢድሪስ ድፍረት እንጂ የእኔ ጀግንነት አይደለም።

በወሩ የእርዳታ እህል የሚጭን መኪና ላይ ተሳፍሬ ወድ ኤል ሒለው ሄድኩ። አያሌውን ያገኘሁት ከሰቲት ወንዝ በጀሪካን ውሃ ቀድቶ ሲመለስ ነው። ጠጉሩ ሸብቷል። ሲያየኝ ጀሪካኑን አስቀመጠና እንደቆመ ቀረ።

«ልትረግሚኝ ከመጣሽ እርገሚኝ፤ አልሸሽም» አለኝ።

«ልቀመጥ ነው የመጣሁት።»

የደረሰብኝን ነገርኩት። እሱ ሲያለቅስ እኔ አላለቀስኩም። ከዚያ ቀስ በቀስ እሱ ይናገር ጀመር። ለካ ባሌን ከወሰዱት በኋላ አሥራ አንድ ቀን አንድ ክፍል ውስጥ አብረው ነበሩ። ባሌ ማን እንደጠራው ያውቅ ነበር። የአያሌውን በግርፋት የቆሰለ እግር በገዛ ሸሚዙ ቅዳጅ ያሰረለት ባሌ ነው።

«ስለ እኔ የሚለው ነገር ነበር?» አልኩት። ለመጠየቅ ፈርቼ፣ መኪናው ሊመለስ ጥሩምባ ሲነፋ ነው የጠየቅሁት።

«ስለ ጥርስሽ ይጨነቅ ነበር» አለኝ። «ሊይዙት ሲመጡ መንጋጋሽ አብጦ ነበር አሉ። ጧት ጧት፣ ‘አስነቅላው ይሆን? ወይስ አሁንም ያማታል?’ ይለኝ ነበር።»

ጥርሴን ያስነቀልኩት ባሌ በተያዘ በሦስተኛው ቀን ነው። ይህቺን የባሌን ቃል የያዘ ሰው ሁለት ጊዜ ደጄ ድረስ ሽማግሌ ልኮ፣ ሁለት ጊዜ በር ዘግቼበታለሁ።